መልሱ ገጽ 113 ላይ ነው

ጥቅምት 6

ለተከበሩ አጎቴ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት ያግኝዎ። እኛ ደህና ነን። እናቴ ደህና ናት፣ የስፌት መኪናዋም ደህና ናት፣ ጎረቤቶቻችንም ድምጿን ለምደውታል።

የምጽፍልዎ ከኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ነው። ቤት ብጽፈው እናቴ ታየዋለች፣ እንዳልደውልልዎም ስልኩ ያለው ከመቁረጫ ጠረጴዛዋ አጠገብ ነው። ሳላዟዙር ልንገርዎ፤ የኬሚስትሪ ፈተና ወደቅሁ። ከመቶ 31። አስተማሪው ጥር 22 ዳግም ፈተና እንሰጣለን ብሏል። ስልሳ ያመጣ የፋርማሲ ትምህርቱን ይቀጥላል፣ ያላመጣ ከክፍሉ ይወጣል።

እናቴ አታውቅም። እንዴት ብዬ እነግራታለሁ? ነጩን የሥራ ጋውን ገና በትምህርቱ የመጀመሪያ ሳምንት ሰፍታ ጨርሳ ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ሰቅላዋለች። ልብስ ሊያሰፋ የሚመጣ ሰው ሁሉ “የማን ነው?” ሲላት፣ “የልጄ ነው፣ መድኃኒት ቀማሚ ናት” ትላለች። “ናት” ነው የምትለው፤ “ትሆናለች” እንኳ አትልም።

የጣለኝ ሞል የሚሉት ነገር ነው። “36 ግራም ውሃ ውስጥ ስንት ሞለኪውል አለ?” ይላል ጥያቄው። እኔ ደግሞ ማን ቆጠረው እላለሁ። በሚዛን ላይ ያስቀመጥነው ነገር እንዴት ብሎ ወደ ቁጥር እንደሚለወጥ ሊገባኝ አልቻለም። እርስዎ ሁሉን ነገር ራስዎን በራስዎ እንዳስተማሩ ሰምቻለሁ። ከቻሉ ይርዱኝ። ለእናቴ ግን እባክዎን ምንም አይንገሩብኝ።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 25

ለእህቴ ልጅ፣ ለወደፊቷ መድኃኒት ቀማሚ፣ ለአሁኗ ባለ 31፣

ሰላምታዬ ከዚህ መጋዘን ብሎን ሁሉ ቁጥር ይብዛልሽ።

በመጀመሪያ “እርስዎ” ማለትሽን ተዪልኝ። እርስዎ ስትይኝ ማን ገባ ብዬ ወደ ኋላዬ ዞሬ አያለሁ። ሁለተኛ፣ 31 ምን አለበት? ከመቶው ነገር ሠላሳ አንዱን ታውቂያለሽ ማለት ነው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ያን ያህል የማውቅ አይመስለኝም፤ ግን ማንም ፈትኖኝ ስለማያውቅ ተከብሬ እኖራለሁ።

ሚስጥርሽ በእኔ ዘንድ ነው። አሁን ወደ ሥራ።

እኔ የምሠራው የብሎንና የምስማር መጋዘን ውስጥ መሆኑን ታውቂያለሽ። የመጀመሪያ ቀኔ የመጋዘኑ አለቃ “ሦስት ሺህ ብሎን አውጣ” አለኝ። እኔ ምን አደርጋለሁ? መሬት ላይ ቁጭ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። እናትሽ በልጅነቴ “ቆጥሮ አይጠግብ” የምትለኝ እኮ በከንቱ አይደለም፤ የመስኮቱን ፍርግርግ፣ የጎረቤቱን የበር ምስማር፣ ሁሉንም ስቆጥር ነው ያደግሁት። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ላይ ስደርስ አንዱ ሠራተኛ “እንዴት አደርክ” አለኝ። “እግዜር ይመስገን” ስል ቁጥሩ ጠፋ። እንደገና ከአንድ። አለቃው መጥቶ አየኝና ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። ከዚያ አሥር ብሎን አንስቶ ሚዛን ላይ ጣለ። 80 ግራም። ስለዚህ አንዱ 8 ግራም ነው። ጆንያውን መዘነው፤ 24 ኪሎ። “24,000 ለ8 አካፍል” አለኝ። ሦስት ሺህ! ማንም ሳይቆጥር ተቆጠረ።

አስተማሪሽ የሚጠይቅሽ ይህንኑ ነው። ልዩነቱ የእኔ ብሎን ይታያል፣ የእሱ አቶም አይታይም። አቶም በጣም ትንሽ ስለሆነ አንድ በአንድ ወይም አሥር በአሥር አይመዘንም። ስለዚህ አንድ ትልቅ ካርቶን አበጁለትና ስሙን ሞል አሉት። ደርዘን ስትይ 12 ማለትሽ አይደል? ሞል ስትይ ደግሞ 6.02 × 10²³ ማለትሽ ነው። 602 ጽፈሽ ከኋላው ሃያ አንድ ዜሮ ደርድሪ። እኔ አንድ ቀን ደርድሬው ወረቀቱን አለቃው አገኘውና የሰው ስልክ ቁጥር መስሎት ቀደደው።

በኬሚስትሪ ሰንጠረዡ ላይ ከየአቶሙ ስም ጋር የተጻፈው ቁጥር የዚያ ካርቶን ክብደት ነው፣ በግራም። ካርቦን 12 ቢል አንድ ካርቶን ካርቦን 12 ግራም ይመዝናል። በቃ። ክብደቱን በካርቶኑ ክብደት ስታካፍይ ስንት ካርቶን እንዳለሽ ታውቂያለሽ፤ ካርቶኑን በ6.02 × 10²³ ስታበዢ ፍሬውን ታገኛለሽ።

ይህን ሁሉ ያስተማረኝ መጽሐፍ ነው፤ ልክ ለመናገር ግማሽ መጽሐፍ። ያኔ ተማሪ ሳለን ለእኔና ለእናትሽ የነበረን አንድ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ብቻ ነው። እኔ ስፈልገው እሷ ይዛዋለች፣ እሷ ስትፈልገው እኔ ተኝቼበታለሁ። በመጨረሻ በዳቦ ቢላ ለሁለት ሰነጠቅነው። ፊተኛውን አንዳችን፣ ኋለኛውን አንዳችን፣ በየሳምንቱ እየተለዋወጥን። ሥራ ፍለጋ ከቤት ስወጣ እኔ ጋ የነበረው ፊተኛው ስለነበር ወደዚህ ይዤው መጣሁ። እስከ ገጽ 112 ድረስ ከእኔ የሚበልጥ ሰው የለም። የሞል ምዕራፍ የሚጀምረው ገጽ 108 ላይ ስለሆነ አምስት ገጽ ደርሶኛል፤ የቀረው ያው ምሳሌ ብቻ ይመስለኛል።

የቤት ሥራሽ፦ የእናትሽን የቁልፍ ጠርሙስ ውሰጂ። የሸሚዝ ቁልፎቹን ሳትቆጥሪ ቁጠሪ። መልሱን በብዕር ጻፊ። እርሳስ የሚይዝ ሰው ለመሳሳት የተዘጋጀ ሰው ነው።

እናትሽ ስለ እኔ ምን ትላለች? ሰላምታ በአንቺ በኩል ትልክልኛለች እንጂ በእጇ አንድ መስመር ከጻፈችልኝ ብዙ ዘመን ሆነ።

የሚወድሽ አጎትሽ


ኅዳር 12

ለጋሼ፣

ሳቅህ አይለይህ፣ ሚዛንህም አይዛግብህ። ይኸው “እርስዎ”ን ተውኩት። እጄ ግን እስካሁን ደንግጧል።

የቁልፍ ጠርሙሱን ይዤ ወደ ጎረቤታችን ባለሱቅ ሄድኩ። “ሚዛንህን ላንድ አፍታ” ስለው፣ “ቁልፍ በኪሎ መሸጥ ጀመራችሁ እንዴ?” አለኝ። ሃምሳ የሸሚዝ ቁልፍ 25 ግራም መዘነ፤ ስለዚህ አንዱ ግማሽ ግራም። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው በሙሉ 470 ግራም። አካፈልኩ፤ 940 ቁልፍ! እንደ አንተ ኩራት ኩራት አለኝና ለማረጋገጥ ብዬ አንድ በአንድ ቆጠርኩት። 700 ብቻ ነው። ባለሱቁ ነው ጣቱን ዘርግቶ ያሳየኝ። “እነዚህ እኮ የካፖርት ናቸው።” ለካ ውስጡ ሰማንያ የካፖርት ቁልፍ ተደባልቆ ኖሯል፤ እያንዳንዱ ሁለት ግራም። ለይቼ ስመዝነው የሸሚዙ 310 ግራም ሆነ። 620 ቁልፍ፣ ልክ! ያን ጊዜ ነው ሰንጠረዡ የገባኝ። እያንዳንዱ አቶም የራሱ ክብደት ያለው፣ እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ክብደት ስላለው ነው።

ውሃውንም ሠራሁት። ሁለት ሃይድሮጅን 2፣ አንድ ኦክስጅን 16፣ ድምሩ 18። 36ን ለ18 ሳካፍል 2 ሞል። ሁለት ጊዜ 6.02፣ 12.04 × 10²³ ሞለኪውል። በብዕር ነው የጻፍኩት።

እናቴ “ጠርሙሴን ማን ነካው?” አለች። “ቁልፎቹን ልለይልሽ ብዬ ነው” አልኳት። “ደግ አደረግሽ” አለችኝ። ይህቺ “ደግ አደረግሽ” ከ31 የበለጠ አመመችኝ።

ስለ አንተ ምን እንደምትል ጠይቀኸኛል። ስምህ ሲነሳ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ትጀምራለች። ክሩ ገብቶም ቢሆን።

ስለ ጋዝ ግን ገና አልገባኝም፤ ፈተናው ላይ እንደሚመጣ ደግሞ አስተማሪው ነግሮናል።

የምትወድህ የእህትህ ልጅ


ኅዳር 28

ለባለ 620 ቁልፏ ልዕልት፣

እግርሽ አይደናቀፍ፣ ብዕርሽ አይንጠፍ። ደብዳቤሽን ለአለቃው አነበብኩለት። “ይቺ ልጅ ካንተ ትሻላለች፣ እሷ ሁለት ዓይነት ቁልፍ እንዳለ ባንድ ቀን አወቀች፣ አንተ ወንድና ሴት ብሎን ለመለየት አንድ ወር ፈጀህ” አለኝ። ቀናሁ።

አሁን ወደ ኋላ መሄድን እንለማመድ። ከፊቴ የመዳብ ሽቦ ጥቅል አለ፤ ለአንድ ሞል 63.5 ግራም ነው። ጥቅሉን ስመዝነው 127 ግራም። ስንት አቶም በእጄ እንደያዝኩ ንገሪኝ? ሁለት ሞል፣ 12.04 × 10²³። አሁን ገልብጪው። አንድ ሰው መጥቶ “18.06 × 10²³ የካርቦን አቶም መዝንልኝ” ቢለኝስ? በ6.02 × 10²³ አካፍላለሁ፤ ሦስት ካርቶን። ሦስት ጊዜ 12፣ 36 ግራም። “በምን ልጠቅልልልዎ?” እለዋለሁ። ከግራም ወደ ፍሬ፣ ከፍሬ ወደ ግራም፣ መንገዱ ሁልጊዜ በካርቶኑ በኩል ነው። ካርቶኑን ዘሎ የሚሄድ ሰው ይጠፋል።

ጋዝ ብለሻል። ለጋዝ የገጽ 112ን የመጨረሻ ጥያቄ እሰጥሻለሁ። ከገጹ ግርጌ እንዲህ ይላል፦ “16 ግራም የኦክስጅን ጋዝ ውስጥ ስንት ሞለኪውል አለ?” ከዚያ የዳቦ ቢላው ነው። መልሱ ገጽ 113 ላይ ነው፤ ገጽ 113 እናትሽ ጋ ነው። እኔ ግን መልሱን ማየት አላስፈለገኝም። ኦክስጅን 16፣ ያለሽ 16 ግራም፣ አንድ ሞል፤ መልሱ 6.02 × 10²³። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ስሠራው አንድ ቀን እንኳ ተለውጦ አያውቅም። ጋዝ ሁሉ እንደዚህ ነው። አትፍሪው። በብዕር ጻፊው።

ለእናትሽ ሰላምታዬን ንገሪያት። ክሩ ከገባ በኋላ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 15

ለተከበሩ አጎቴ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ። እኛ ደህና ነን።

ትናንት የሙከራ ፈተና ነበር። 52 አመጣሁ። ማለፊያው 60 ነው። ስለ ጋዝ አራት ጥያቄ ነበር፤ አራቱንም እንዳስተማሩኝ ሠራሁ፣ አራቱንም ተሳሳትኩ።

ወረቀቱን ሲመልስልኝ እጄን አውጥቼ “መምህር፣ ተሳስተዋል” አልኩት። በክፍሉ ሰው ሁሉ ፊት። “ማን ነው እንዲህ ያስተማረሽ?” አለኝ። “አጎቴ።” “አጎትሽ የት ነው የሚያስተምሩት?” “መጋዘን ውስጥ።” ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪው አልሳቀም። “የኦክስጅን ጋዝ ጥንድ ነው” አለና ወደ ሌላው ጥያቄ አለፈ። ጥንድ ማለቱ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም፤ ከዚያ ሳቅ በኋላ ደግሜ መጠየቅ አልቻልኩም።

በብዕር ስለጻፍኩት መሰረዝም አልቻልኩም።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 30

ለአጎቴ፣

መልስ ጠብቄ ሳጣ ነው ይህን የምጽፈው። ፈተናው 22 ቀን ቀርቶታል። ተቆጥቼ ነበር፤ አሁን አልተቆጣሁም። ጋውኑ አቧራ እንዳይነካው እናቴ ላስቲክ አልብሳዋለች። ይጻፉልኝ። ስለ ኬሚስትሪ ባይሆንም ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 3

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ለአንቺ፤ ለእኔ ይህን ሰሞን ሰላም የለም።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አሥር ቀን አልፎታል። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ልዋሽሽ ነበር። እውነቱ ፈራሁ። በዕድሜዬ ከአንድ ጆንያ በላይ ተሳስቼ አላውቅም ብዬ የማወራ ሰው፣ የእህቴን ልጅ በክፍሏ ፊት መሳቂያ አደረግኋት። አልመለስኩልሽም፤ ምክንያቱም “ጥንድ” የሚለው ቃል ለእኔም አልገባኝም ነበር። ግማሽ መጽሐፌን ከአንድ እስከ 112 ገለጥኩት። የለም።

ትናንት ጠዋት አንድ አናጺ መጣ። “የበር ማጠፊያ፣ ስንት ጥንድ አለህ?” አለኝ። ማጠፊያ ብቻዋን አትመጣም፤ ሁለት ሁለት በሽቦ ታስራ ነው የምትመጣው፣ በር በአንድ ማጠፊያ አይቆምማ። ሳጥኑን መዘንኩት፤ 15 ኪሎ። አንዷ 150 ግራም ናት። አካፈልኩና “መቶ” ልለው አፌን ስከፍት ደርቄ ቀረሁ። መቶው የነጠላ ማጠፊያ ቁጥር ነው! ጥንዱ 300 ግራም ነው የሚመዝነው፤ ጥንድ የጠየቀ ሰው መልሱ ሃምሳ ነው። ይህን እኮ በየቀኑ ስሠራው ኖሬያለሁ። አናጺው “ምነው፣ አመመህ?” አለኝ። “ኦክስጅን” አልኩት። መስኮት ከፈተልኝ።

ገባሽ? ኦክስጅን ጋዝ ሲሆን እንደ ማጠፊያ ነው፤ ሁለት ሁለቱ ተያይዘው ነው የሚኖሩት። ሞለኪውል የሚባለው ጥንዱ ነው፤ የጥንዱ ካርቶን 32 ግራም ነው እንጂ 16 አይደለም። 16ን ለ32 ስታካፍይ ግማሽ ሞል። የስድስት ነጥብ ዜሮ ሁለት ግማሽ ስንት እንደሆነ አንቺው ጨርሺው፣ እኔ ዛሬ ቁጥር ለመጻፍ አፍሬያለሁ። አለቃውን የድሮ ተማሪ ነው ሲሉ ሰምቼ ብጠይቀው፣ ሃይድሮጅን፣ ናይትሮጅን፣ ክሎሪንም እንደዚሁ ናቸው ብሎኛል። ስለዚህ ከማካፈልሽ በፊት ጠይቂ፦ የጠየቁኝ ነጠላውን ነው ወይስ ጥንዱን? (አቶሙን ጠይቀውሽ ቢሆን ልክ ነበርኩ። ይህቺን ብቻ ተዪልኝ።)

አሁን ግን በእኔ አትመኚ። እናትሽ ጋ ያለውን ግማሽ ፈልጊ። ከጣለችው ጣለችው፤ ካልጣለችው ግን ከንድፍ ወረቀቶቿ ሳጥን ውስጥ ነው የሚሆነው። እርሳስም ግዢ።

የተሳሳተው አጎትሽ


ጥር 15

ለጋሼ፣

ደብዳቤዎቻችን መንገድ ላይ ተላልፈዋል መሰለኝ፤ የእኔን ቁጣ ተወው፣ አልፏል። መድኃኒት የቆጠርኩ ያህል ቀኑን እየቆጠርኩ ጠብቄህ ነበር።

እናቴ ጨርቅ ልትገዛ ስትወጣ የንድፍ ሳጥኗን ከፈትኩ። እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ ስበረብር ከበሩ ድምፅ ሰማሁ።

“ምን ፈለግሽ?”

“የ… የኮሌታ ንድፍ።”

“የኮሌታ ንድፍ ላይ ላዩን ነው። አንቺ የምትፈልጊው ከግርጌ ነው፣ በሰማያዊው ጨርቅ የተጠቀለለው።”

ጋሼ፣ ታውቅ ኖሯል! ከጥቅምት ጀምሮ። ቀሚሴን ስታሳጥር ኪሱ ውስጥ ባለ 31ዱን የፈተና ወረቀት አግኝታዋለች። “ቁልፍ ለመለየት ማን ሚዛን ይዋሳል?” አለችኝ። “ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?” ስላት፣ “አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?” አለችኝ።

ሰማያዊውን ጨርቅ ፈታችው። ኋለኛው ግማሽ ነው። በየገጹ ዳር በእርሳስ የተሠራ ስሌት ሞልቶታል፣ አንድ ጥያቄ አልቀረም። እኔ እናቴ ከጨርቅ ሜትር ውጪ ሒሳብ የምታውቅ አይመስለኝም ነበር። ገጽ 113 ከላይ እንዲህ ይላል፦ “መልስ፦ 3.01 × 10²³ ሞለኪውል።” ከሥሩ ማስታወሻ አለ፣ ጋዞቹ ጥንድ ጥንድ መሆናቸውን የሚነግር። ከመልሱ አጠገብ በእርሳስ “የምን?” ብላ ጽፋበታለች። ጥያቄው እኮ አንተ ጋ ነው ያለው። አንተ ጥያቄውን ይዘህ፣ እሷ መልሱን ይዛ።

የገጽ 112ን ጥያቄ ከደብዳቤህ አነበብኩላት። “ኦክስጅን ነው እንዴ?” አለችና ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ ራሷ ደግማ አነበበችው።

አንድ ነገር ልነግርህ ይገባል፤ ንገሪው አላለችኝም፣ አትንገሪውም አላለችኝም። በሄድክበት ክረምት እሷም በግሏ የመልቀቂያ ፈተና ልትፈተን ተመዝግባ ነበር። ፊተኛውን ግማሽ የምትረከብበት ቀን አራት ቀን ሲቀረው አንተ ይዘኸው ሄድክ። በግማሽ መጽሐፍ መፈተን አልቻለችም፣ ቀረች። “ለምን መልስልኝ ብለሽ አልጻፍሽለትም?” አልኳት።

“መጀመሪያ የላከልኝ ደብዳቤ ላይ መጽሐፉን ትራሴ ሥር አድርጌ ነው የምተኛው፣ ቤቴ ያለሁ ይመስለኛል አለ። ከትራሱ ሥር ላውጣበት?”

አሁን ጠዋት ጠዋት ደንበኛ ሳይመጣ ታስጠናኛለች። በመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ በስፌት ጠመኔ ነው የምንሠራው። ስሳሳት በመዳፏ ጠረግ አድርጋ “እንደገና” ትላለች። ፈተናው ሰባት ቀን ቀረው።

የምትወድህ የእህትህ ልጅ


ጥር 26

ለእታለም፣ ለልጅሽም፣

ጤና ሁኑልኝ፣ ሁለታችሁም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ ፈልጌ አጣሁ። አራት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩ።

እታለም፣ የምትፈተኚ መሆንሽን አላውቅም ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ተራው የአንቺ ሊሆን አራት ቀን እንደቀረው ግን አውቅ ነበር፤ ይህም እውነት ነው። አራት ቀን ትንሽ መሰለኝ። መጽሐፉን ሻንጣዬ ውስጥ ስከት የወሰድኩት መጽሐፍ አልመሰለኝም፣ አንቺን የያዝኩ መሰለኝ። ስንት ነገር ስቆጥር ኖሬ ያንን አራት ቀን አንድ ጊዜ እንኳ ቆጥሬው አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት በመጋዘኑ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። 214 ግራም ነው። በአደራ ፖስታ ልኬዋለሁ። ትራሴ ዝቅ ብሎ አንገቴን እያመመኝ ነው፣ ይገባኛል።

ይህን ስጽፍ ፈተናው አልፏል። ስለ ውጤቱ አልጠይቅም። ሰው ሲጨንቀው መጠየቅ ደግ አይደለም። ስንት አመጣች? አልጠየቅኩም። እንዲያው ከስልሳ በላይ ነው ወይስ በታች?

ወንድምሽ፣ አጎትሽም


የካቲት 19

ለጋሼ፣ ለማይጠይቀው፣

84!

አሁን ቁጭ በል። ውጤቱ የተለጠፈው ከቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ነው፤ ስሜን በጣቴ ፈልጌ ካገኘሁት በኋላ ቁጥሩን በሌላው እጄ ሸፍኜ ቀስ በቀስ ነው የገለጥኩት። የጋዙ ጥያቄ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? “35.5 ግራም የክሎሪን ጋዝ ውስጥ ስንት ሞለኪውል አለ?” የክሎሪን አቶም 35.5 ነው፣ ማጠፊያህ ትዝ አለችኝ፤ ጥንዱ 71። ግማሽ ሞል። መልሱን ስጽፈው ብዕሬ፣ ይቅርታ እርሳሴ፣ ቆመ። 3.01 × 10²³። እናቴ ሃያ ሰባት ዓመት ጥያቄ ያጣችለት ቁጥር! ፈታኙ “ምን ያስቅሻል?” አለኝ።

ቤት ስደርስ አንዲት ደንበኛ ቀሚስ እየለካች ነበር። “84” አልኳት ከበሩ ላይ። እናቴ አፏ መርፌ ይዞ ስለነበር መናገር አልቻለችም። ሄዳ ላስቲኩን ከጋውኑ ላይ ቀደደችው። ደንበኛዋ በግማሽ ቀሚስ ቆማ አጨበጨበች። ጋውኑ እጅጌው አጥሮብኛል፤ “ሳታድጊ ነው የለካሁሽ” አለች፣ ከመስከረም ወዲህ ያደግሁ ይመስል።

መጽሐፉ ትናንት ደረሰ። መጀመሪያ በመኪናዋ ልትሰፋው ሞከረች፤ ሁለት መርፌ ተሰበረ። ከዚያ በቆዳ መስፊያ መርፌ በእጇ ሰፋችው፣ በሰም በታሸ ክር። ገጾቹ በደንብ አይገናኙም፤ የአንተ ግማሽ በትራስ ብዛት ጠፍጥፎ ቀጥኗል፣ የእሷ ወፍሯል። ይዘጋል ግን።

ከሥር የጻፈችው እሷ ናት። እንዳላይ በክንዷ ጋርዳ ነው የጻፈችው።

የምትወድህ፣ ባለ 84


ለቆጥሮ አይጠግብ፣

መጽሐፉ ደርሷል። “የምን?” ካልኩት ሥር “የኦክስጅን” ብዬ ጽፌበታለሁ።

ስለ አራቱ ቀን የጻፍከውን አንብቤዋለሁ። ክሩን ሳላነሳ ነው ያነበብኩት።

የአንተን ግማሽ ዳር ዳሩን አየሁት። ገጽ 41 ላይ ሦስተኛውን ጥያቄ የሠራኸው በስህተት ነው። በብዕር ስለሆነ ላርመው አልቻልኩም። እንደገና ሠርተህ በእርሳስ ላክልኝ፣ እዚያው ላይ እለጥፈዋለሁ። የቀሩትንም አብረህ እያቸው፣ የተሳሳተው እሱ ብቻ አይመስለኝም።

ቶሎ አድርግ። ሰኔ ላይ ፈተና አለብኝ።

እታለምህ